ሐበሽ፣ ሂንዲ፣ ተርኪ፦ የአንዲት ወፍ ብዙ ስሞች

ጥያቄው የደረሰኝ ቨርጂኒያ ከምትኖር አንዲት እህት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ቤሩት ሰው ቤት ስሠራ ማዳም ወደ ሱቅ ስትልከኝ ‹ሐበሽ› ግዢ ትለኝ ነበር። ስስ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ፣ ሳንድዊች ውስጥ የሚገባ ነጭ ሥጋ ነው። እኛን ሐበሻ እያሉ ሥጋውንም ሐበሽ ማለታቸው ያንገበግበኝ ነበር። አሁን አሜሪካ ነኝ። ያው ሥጋ እዚህ ተርኪ ይባላል። ተርኪ ደግሞ የአገር ስም ነው። አለቃዬ ስብሰባ ላይ ‹ሌትስ ቶክ ተርኪ› ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ሲጋራ ‹ኮልድ ተርኪ› አቆምኩ ትላለች። ልጄ ቦውሊንግ ሲጫወት ስክሪኑ ላይ ‹ተርኪ› የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ይህ ቃል ስንት ትርጉም ነው ያለው? የቀደመችው ወፏ ናት ወይስ አገሪቱ? ሊባኖሶቹስ ሲሰድቡን ነበር?»

እህቴ፣ መጀመሪያ የከፋሽን ነገር ላንሳ። ሐበሽ የሚለው የወፍ ስም ስድብ አይደለም። ሊባኖስና ሶርያ ውስጥ ሕፃን አዋቂው ይህችን ወፍ በዚሁ ስም ነው የሚጠራት። ሥጋ ቤቱም ማሸጊያውም ላይ የሚጻፈው ይኸው ነው። ሰው ቤት የሚሠራ ሰው ብዙ የሚያቆስል ቃል ይሰማል። ስለዚህ መጠርጠርሽ ትክክል ነበር። ይህ ቃል ግን ከነዚያ ውስጥ አይደለም። ከየት እንደመጣ ከዚህ በታች እነግርሻለሁ። ባለፍኩባቸው የቃላት ታሪኮች ውስጥ እንደሱ የምወደው የለም።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። አገሪቱ ትቀድማለች። ወፏ ስሟን የወሰደችው ከአገሪቱ ነው። የወሰደችውም በስህተት ነው። ወፏ ከቱርክም፣ ከሕንድም፣ ከሐበሻም አልመጣችም። የሌሎቹ ትርጉሞች፣ የአለቃሽም የባልደረባሽም የልጅሽም፣ አሜሪካ ውስጥ ከወፏ የተወለዱ ናቸው። ረጅሙ መልስ ብዙ አገር ያዞረናልና ታገሺኝ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የዱር ተርኪ የሰሜን አሜሪካ ወፍ ናት። ጫካ ውስጥ በመንጋ የምትኖር፣ መብረር የምትችል፣ ግን መሮጥ የምትመርጥ ትልቅ ወፍ። ሜክሲኮ ውስጥ ሰው ቤቱ ማርባት ከጀመረ ከ2000 ዓመት በላይ ሆኗል። አዝቴኮች ወንዱን ሁዌሾሎትል ይሉት ነበር። ዛሬም የሜክሲኮ ሰው ጉዋሆሎቴ ይለዋል፤ ከዚያው ቃል የወረደ ነው። እንግዲህ ትክክለኛው የአገሯ ስም ይህ ነበር። ዓለም ግን አልተቀበለውም።

ስፔኖች በ1500ዎቹ መጀመሪያ ሜክሲኮ ሲደርሱ ወፏን አዩ፣ በሉ፣ ወደዱ። ጅራቷን ስትዘረጋ ጣዎስ ስለመሰለቻቸው ጣዎስን በሚጠሩበት ቃል ፓቮ አሏት። በኋላ ሁለቱ ሲምታቱባቸው እውነተኛውን ጣዎስ «ንጉሣዊ ፓቮ» ብለው ለዩት። ወፏ መርከብ ላይ ተጭና ስፔን ገባች። ከዚያ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አውሮፓን አዳረሰች። እንግሊዝ ያስገባት ዊልያም ስትሪክላንድ የተባለ የዮርክሺር ሰው ነው ይባላል። በ1550 የተሰጠው የቤተሰብ አርማ ላይ ተርኪ ተስሏል።

አሁን ወደ ቋጠሮው እንግባ። እዚህ ላይ ጅግራ ትመጣለች። አዎ፣ የኛዋ ጅግራ። ገጠር ያደገ ሰው ያውቃታል። ጥቁር ላባዋ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨባት፣ ራሷ ላይ አጥንት የበቀለባት፣ አንገቷ ላባ የሌለው ወፍ። ጅግራ የአፍሪካ ወፍ ናት። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ያውቋት ነበር። ከዚያ በኋላ ምዕራብ አውሮፓ ለረጅም ዘመን ረሳት። እንደገና የገባችው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ፖርቱጋሎች ከምዕራብ አፍሪካ ከጊኒ ጠረፍ ያመጡት ነው። ሁለተኛው በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ወደቦች በኩል ነው።

እነዚህ ወደቦች በኦቶማን ሱልጣን እጅ ነበሩ። ሶርያ በ1516፣ ግብፅ በ1517 ለሱልጣኑ ገብተዋል። በዚያ ዘመን ለነበረ እንግሊዛዊ ቱርክ ማለት አናቶሊያ፣ የዛሬዋ ቱርክ ምድር፣ ብቻ አልነበረም። ሱልጣኑ የሚገዛው ሁሉ ቱርክ ነው። ከዚያ ወገን ዕቃ የሚያመጡ ነጋዴዎች የቱርክ ነጋዴዎች ይባሉ ነበር። በ1581 ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ለቱርክ ኩባንያ የንግድ ፈቃድ ሰጠች፤ በኋላ ሌቫንት ኩባንያ የተባለው ነው። ስለዚህ ከምሥራቅ የመጣ ብርቅ ነገር ሁሉ የቱርክ ስም ይለጠፍበት ነበር። ምንጣፉ የቱርክ ምንጣፍ ነው። ከፋርስ ማዕድን የሚወጣው ሰማያዊ ድንጋይ ቱርኳዝ ተባለ፤ በፈረንሳይኛ የቱርክ ድንጋይ ማለት ነው። ከአሜሪካ የመጣው በቆሎ እንኳ በእንግሊዝኛ የቱርክ ስንዴ የተባለበት ዘመን ነበር።

ጅግራም በዚህ መንገድ ተርኪ ኮክ ተባለች፤ የቱርክ አውራ ዶሮ። በዚያው ዘመን አካባቢ የሜክሲኮዋ ወፍ መጣች። ሁለቱም ትልልቅ ናቸው። ሁለቱም መሬት ላይ ይሮጣሉ። የሁለቱም ራስ ላባ የለውም። ሸማቹ ሕዝብ ለሁለቱም አንድ ስም ሰጠ። አንዳንድ አጥኚዎች ደግሞ የሜክሲኮዋን ወፍ ራሷን ወደ እንግሊዝ ያመጧት እነዚያው የቱርክ ነጋዴዎች ናቸው፣ ስሙ ከዚያ ነው ይላሉ። ለእኔ ሁለቱ አይጣሉም። አንዱ ሌላውን ያጠነክረዋል። ልዩነታቸው ሲታወቅ ጅግራ የጊኒ ወፍ ተብላ ተለየች። የቱርክ ስም ግን ከሜክሲኮዋ ጋር ቀረ።

ቃሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ብቅ ያለው በ1541 ነው። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ክራንመር ካህናት ማዕዳቸውን እንዳያበዙ ደንብ አወጣ። ከትልልቆቹ ወፎች፣ እንደ ስዋንና ተርኪ ኮክ ካሉት፣ በአንድ ሳህን አንድ ብቻ ይቅረብ ይላል። እዚያ የተጠቀሰችው ጅግራ ትሁን የሜክሲኮዋ ወፍ ዛሬም ያከራክራል። የአገሪቱ ስም ግን በእንግሊዝኛ ከ1300ዎቹ ጀምሮ ይገኛል። ስለዚህ አገሪቱ ወፏን በትንሹ አንድ መቶ ተኩል ዓመት ትቀድማታለች።

ስህተቱ ሳይንስም ውስጥ ገብቷል። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1758 ለሜክሲኮዋ ወፍ መለያግሪስ ጋሎፓቮ የሚል ስም አወጣላት። መለያግሪስ የጥንት ግሪኮች ጅግራን የሚጠሩበት ቃል ነው። ጋሎፓቮ ደግሞ ዶሮና ጣዎስን የሚያጣምር ነው። ስሟ በሙሉ ሲነበብ ጅግራ፣ ዶሮ፣ ጣዎስ ነው። ሦስቱንም አይደለችም። ጅግራ ራሷ ኑሚዳ መለያግሪስ ተባለች። ሁለቱ ወፎች እስከ ዛሬ አንድ ቃል ይጋራሉ።

የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ወደ ሰሜን አሜሪካ ሲሄዱ ቃሉንም ወፏንም ይዘው ሄዱ። የዱር ዘመዶቿ እዚያው ጫካ ውስጥ እያሉ፣ ለማዳዋ ተርኪ ከአውሮፓ በመርከብ ወደ ትውልድ አህጉሯ ተመለሰች። ዛሬ ሱፐርማርኬት የምታያት ተርኪ የዚያች የሜክሲኮ ለማዳ ወፍ ዘር ናት።

ቱርኮቹ ራሳቸው ምን ይሏታል? ሂንዲ። የሕንድ ማለት ነው። ምክንያቱ ኮሎምበስ ነው። እሱ ሕንድ ደረስኩ ብሎ ስላመነ አሜሪካ ለረጅም ጊዜ የሕንድ አገሮች ስትባል ኖራለች። ሕዝቡም ሕንዶች ተባለ፣ ወፏም የሕንድ ወፍ። ፈረንሳዮች ዳንድ ይሏታል፣ «ከሕንድ» ማለት ነው። ፖላንዶች ኢንዲክ፣ ሩሲያውያን ኢንዲዩክ። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን በየሱቁ የሚያዩት ሆዱ የሚለው ቃልም ሕንድ ማለት ነው፤ ሙሉ ስሟ ታርኔጎል ሆዱ፣ የሕንድ ዶሮ ነው። ሆዱ በዕብራይስጥ «አመስግኑ» የሚል ትርጉምም አለው። የሁለቱ መገጣጠም በአጋጣሚ ነው። አሜሪካ ያሉ አይሁዶች ግን የምስጋና ቀን ሲመጣ ደስ እያላቸው ያነሡታል። ሆላንዶች ደግሞ አገር ብቻ አልበቃቸውም፤ ከተማ ጠቅሰው ካልኩን አሏት፣ የካሊከት ማለት ነው። ካሊከት በደቡብ ሕንድ ያለች የቅመም ወደብ ናት።

ሕንድ ውስጥስ? በ1612 የሞጉሉ ንጉሥ ጃሃንጊር ፖርቱጋሎች ከያዟት ከጎዋ ወደብ ብርቅ ብርቅ እንስሳት ተገዝተው መጡለት። አንዷ ተርኪ ነበረች። ንጉሡ በማስታወሻው ስሟን የሚያውቅ ሰው እንዳልነበረ ጽፏል። ራሷና አንገቷ አንዴ እንደ ቀይ ዛጎል፣ አንዴ እንደ ነጭ ጥጥ፣ አንዴ ሰማያዊ እየሆነ እንደሚለዋወጥ በመገረም ይተርካል። የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ኡስታድ ማንሱር ሳላት። ሥዕሉ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ይኸው ሠዓሊ በ1621 ከሐበሻ አገር ለንጉሡ የመጣችለትን የሜዳ አህያም ስሏል። ዓለም ሁሉ የሕንድ ወፍ ያላትን፣ የሕንዱ ንጉሥ ስሟን አጥቶ ቆሞ ሲያያት ይታይሽ።

ፖርቱጋሎች ፔሩ ይሏታል፤ ፔሩ ግን የተርኪ አገር አልነበረችም። ማሌዢያ ውስጥ የሆላንድ ዶሮ ናት። በመቄዶንያ ሚሲርካ፣ ከግብፅ የመጣች ማለት ነው። አልባኒያ ውስጥ የባሕር አውራ ዶሮ። ግብፅ፣ ሱዳንና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዲክ ሩሚ ይሏታል። ሩም ድሮ የቢዛንታይን ግዛት፣ በኋላም አናቶሊያ ማለት ነበር። ስለዚህ ዱባይ ወይም ጅዳ ያለች እህትሽ «ሩሚ» ስትል፣ አንቺ ቨርጂኒያ «ተርኪ» ስትዪ፣ ሁለታችሁም ወፏን ወደ አንድ አገር እየላካችኋት ነው።

አሁን ወደ ሐበሽ። በድሮ የዐረብኛ መዛግብተ ቃላት ጅግራ የሐበሻ ዶሮ ተብላ ትፈታለች። ይህ ስህተት አልነበረም። ጅግራ የኛ አገር ወፍ ናት፤ ዐረቦች ከቀይ ባሕር ማዶ እንደምትመጣ ያውቁ ነበር። የአሜሪካዋ ወፍ ሶርያና ሊባኖስ ስትደርስ፣ እንግሊዞች ያደረጉትን እነሱም አደረጉ ብዬ አምናለሁ። አዲሲቷን ባዩ ጊዜ የሚያውቋትን ጅግራን አስታወሱ፤ የጅግራን ስም ለእሷ ሰጡ። ለንደን ላይ ጅግራ የቱርክ ስሟን ለተርኪ አወረሰች። ቤሩት ላይ የሐበሻ ስሟን አወረሰች። ማዳም የምትጠራው ስም ሥሩ ይህ ነው። ስድብ ሳይሆን፣ አገራችን በወፏ ትታወቅ የነበረበት ዘመን ቅሪት ነው። ለኔ ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። አንቺም ያንን ማሸጊያ በሌላ ዓይን እንድታስታውሺው እመኛለሁ።

ይህን ስንፈርድ የራሳችንንም ቋንቋ እንይ። ባሕር ዛፍ ባሕር ውስጥ አይበቅልም፤ ባሕር ተሻግሮ ከአውስትራሊያ ስለመጣ ነው። በቆሎን አባቶቻችን የባሕር ማሽላ ይሉት ነበር፤ እንግሊዝ የቱርክ ስንዴ ያለውን ያንኑ እህል። ብርቱካን በዐረብኛ በኩል የመጣ የፖርቱጋል ስም ነው፤ ፍሬው ግን መነሻው ሩቅ ምሥራቅ ነው። ትልልቁን ዶሮ የፈረንጅ ዶሮ እንላለን። ሰው አዲስ ነገር ሲያይ የሚጠይቀው ከየት እንደበቀለ አይደለም። ማን እንዳመጣው ነው የሚያየው። ስሙን የሚሰጠውም ለአምጪው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የአሜሪካ ነው። ወፏ አሜሪካ ውስጥ ከምግብነት አልፋ የንግግር ቅመም ሆነች። ለዚህ የምስጋና ቀን ድርሻ አለው። በ1621 ፕሊመዝ የሰፈሩት እንግሊዞች ከዋምፓኖአግ ሕዝብ ጋር የበሉት ድግስ ላይ ወፍና አጋዘን እንደነበረ ተጽፏል። ድግሱን በሚገልጸው የያኔ ደብዳቤ ላይ ግን ተርኪ በስም አልተጠቀሰችም። የምስጋና ቀንን ብሔራዊ በዓል አድርጎ ያወጀው አብርሃም ሊንከን ነው፣ በ1863። ቀኑ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ እንዲሆን በሕግ የጸናው በ1941 ነው። እንደምታውቂው የነቢያት ጾም በኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 ይገባል፤ ስለዚህ በዓሉ ብዙ ጊዜ ጾም ላይ ይውላል። ብዙ ቤት ልጆቹ ተርኪ ሲበሉ እናት ሽሮ ይዛ አብራ ትቀመጣለች።

የአለቃሽን ንግግር እንይ። ቶክ ተርኪ ማለት ዙሪያ ጥምጥሙን ትቶ ቁም ነገሩን፣ በተለይ የገንዘብና የውል ጉዳይን፣ ፊት ለፊት መነጋገር ነው። አገላለጹ በ1800ዎቹ መጀመሪያ አሥርት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ይገኛል። በመጀመሪያ ደስ የሚል ወሬ ማውራት የሚል ትርጉምም ነበረው። ስለ መነሻው የሚነገር ተረት አለ። አንድ ነጭና አንድ የአገሬው ተወላጅ አብረው አደን ወጡ። ተርኪና ጥንብ አንሳ ገደሉ። ሲካፈሉ ነጩ «አንተ ጥንብ አንሳውን ውሰድ፣ እኔ ተርኪውን ልውሰድ፤ ካልፈለግህም እኔ ተርኪውን ልውሰድ፣ አንተ ጥንብ አንሳውን ውሰድ» አለው። ሰውየውም «አንድም ጊዜ ለእኔ ተርኪ አላልክም» ሲል መለሰ። ታሪኩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጋዜጦች ብዙ ጊዜ ታትሟል። ተፈጸመ ብዬ አልቀበለውም፤ ቀድሞ ለነበረ አነጋገር በኋላ የተሠራለት ይመስለኛል። ግን አሜሪካኖች ራሳቸው ከአገሬው ተወላጆች ጋር ስለነበረው የመሬት ክፍፍል ምን ያህል እንደሚያውቁ ያሳያል።

ኮልድ ተርኪ ከዚህ ጋር ዘመድ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ «ኮልድ ተርኪ መናገር» ማለት ሳያለሰልሱ፣ ያለ ማዘጋጃ በቀጥታ መናገር ነበር። ከዚያ አንድን ነገር ያለ መሸጋገሪያ፣ በአንድ ጊዜ ማድረግ የሚል ሰፊ ትርጉም ያዘ። ከሱስ ጋር ተያይዞ በ1921 በካናዳ ቪክቶሪያ ከተማ ጋዜጣ ላይ ይገኛል። ራሳቸውን አሳልፈው ለሐኪም የሰጡ ሱሰኞች «ኮልድ ተርኪ የሚባለው ሕክምና» ይሰጣቸው ነበር ይላል፤ ዕፁ በአንድ ጊዜ ተከለከሉ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚያወራው ሌላ ማብራሪያ አለ። ዕፅ ያቆመ ሰው ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ቆዳው ላባው እንደተነጨ ተርኪ ይሸከካል፣ ስሙ ከዚያ ነው ይላሉ። ለዓይን የሚመች ማብራሪያ ነው። ነገር ግን አገላለጹ ከሱስ ጋር ሳይገናኝ በፊትም ስለነበረ መነሻው ያ ሊሆን አይችልም። የቆዳው መሸከክ ቃሉ ሱሰኞች ዘንድ እንዲለመድ ረድቶ ይሆናል።

እዚህ ላይ ከቃል ወጥቼ አንድ ነገር ልበል፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ባልደረባሽ ሲጋራ በአንድ ጊዜ ማቆሟ ጎበዝ ያሰኛታል። ቢያናድዳትና እንቅልፍ ቢነሣትም ለሕይወቷ አያሰጋም። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ አልኮል የጠጣ ሰው ግን ኮልድ ተርኪ ማቆም የለበትም። ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ሊቃዥ፣ ሊሞትም ይችላል። ለረጅም ጊዜ የጭንቀት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የወሰደ ሰውም ያው ነው። ቤተሰብ ውስጥ «ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ ተወው» የሚባለው ምክር ሰው ሊገድል ይችላል። በሐኪም እጅ፣ ቀስ በቀስ ነው።

የልጅሽ ቦውሊንግ ቀላል ነው። ሦስት ጊዜ በተከታታይ የቆሙትን አሥር እንጨቶች በአንድ ኳስ ሲጥል ተርኪ ይባላል። ድሮ የቦውሊንግ ቤት ባለቤቶች በምስጋና ቀንና በገና ሰሞን ሦስት ተከታታይ ለጣለ ሰው እውነተኛ ተርኪ ይሸልሙ ነበር ይባላል። የዚያን ጊዜ ኳሱም መደቡም እንደ ዛሬው የተስተካከለ ስላልነበረ ሦስት መድገም ትልቅ ነገር ነበር።

ያልጠየቅሽኝ ግን የምትሰሚያቸው ሌሎችም አሉ። ፊልም ወይም ቲያትር «ተርኪ ነው» ከተባለ ከስሯል፣ ሰው አልወደደውም ማለት ነው። ከ1920ዎቹ የኒው ዮርክ የቲያትር ሰዎች አነጋገር የመጣ ነው። ሰው ተርኪ ከተባለ ደግሞ ጅል፣ የማይረባ ማለት ነው። ተርኪ ሹት ማለት አንዱ ወገን ምንም መከላከል የማይችልበት ውጊያ ወይም ውድድር ነው። መጀመሪያ ተርኪ አስረው የሚተኩሱበት የገጠር የኢላማ ጨዋታ ነበር። ጁን 19 ቀን 1944 በፓስፊክ ውቅያኖስ የአሜሪካ አብራሪዎች በአንድ ቀን ከ300 በላይ የጃፓን አውሮፕላኖች ሲጥሉ ውጊያውን ታላቁ የማሪያና ተርኪ ሹት አሉት። ተርኪ ቨልቸር የሚባለው ጥንብ አንሳ ከተርኪ ጋር ዝምድና የለውም፤ ራሱ ቀይና ላባ የሌለው ስለሆነ ብቻ ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን ጎብልዲጉክ ነው። የማይገባ፣ በቃላት ክምር የታጨቀ የቢሮ ጽሑፍ ማለት ነው። ቃሉን የፈጠረው በ1944 ሞሪ ማቨሪክ የተባለ የቴክሳስ ፖለቲከኛ ነው። የጦርነት ጊዜ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሳለ፣ የሚደርሱት ጽሑፎች አሰልችተውት በቀላል ቋንቋ ጻፉ ብሎ ትእዛዝ አወጣ። ቃሉን ከየት አመጣኸው ሲባል፣ ቴክሳስ ውስጥ ደረቱን ነፍቶ «ጎብል ጎብል» የሚለው ወንድ ተርኪ ትዝ ብሎኝ ነው አለ። የሚገርመው የዚህ ሰው አያትም ለእንግሊዝኛ ቃል ሰጥተዋል። ከብቶቻቸውን በጋለ ብረት ምልክት ስለማያደርጉባቸው ምልክት የሌለው ጥጃ ማቨሪክ ተባለ። ዛሬ ከመንጋው የተለየ፣ በራሱ መንገድ የሚሄድ ሰው ማቨሪክ ነው። የኢሚግሬሽን ወይም የኢንሹራንስ ፎርም ይዘሽ አንድ አንቀጽ ሦስት ጊዜ አንብበሽ ካልገባሽ ጥፋቱ የእንግሊዝኛሽ ላይሆን ይችላል። ጎብልዲጉክ ሊሆን ይችላል። በቀላል ቋንቋ አስረዱኝ ብለሽ ጠይቂ።

አገሪቱን በሚመለከት አንድ አዲስ ነገር አለ። የቱርክ መንግሥት በእንግሊዝኛ ከወፍ ጋር መጠራቱ አልተመቸውም። በ2022 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በጥያቄው መሠረት ስሙን ቱርኪዬ ብሎ መዝግቧል። ስለዚህ አዳዲስ ካርታዎችና የአውሮፕላን ትኬቶች ላይ ቱርኪዬ የሚለውን ታያለሽ። ሰው በአፉ አሁንም ተርኪ ይላል፤ ሁለቱንም ብትዪ ይገባቸዋል። በአማርኛ ቱርክ የሚለው ስማችን እንዳለ ነው፣ ከወፏም አይምታታም።

በሥራ ቦታሽ ስለ አጠቃቀሙ ላስጠንቅቅሽ። ቶክ ተርኪ እና ኮልድ ተርኪ ለማንም ሊባሉ ይችላሉ፤ ብትጠቀሚባቸው አያስነውርም። ሰውን ግን ተርኪ አትበዪ። በጓደኛሞች መካከል ቀልድ ነው፣ ለማታውቂው ሰው ግን ስድብ ነው። አለቃሽ በሚቀጥለው ስብሰባ «ሌትስ ቶክ ተርኪ» ሲል ደግሞ ዝም አትበዪ። ስለ ደመወዝሽ ወይም ስለ ሥራ ሰዓትሽ የያዝሽው ነገር ካለ በቀጥታ ማውጣት የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። በቃሉ የጋበዘሽ እሱ ነው።